«ከኮምፒዩተር የወጣ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ በታች የምጽፈው ሐሳብ በክፍሌ ውስጥ ከሠራሁት አንድ ስሕተት የተነሣ ነው። ለሌላውም ሰው ይጠቅማል ብዬ ስለማምን በአምድዎ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው። በቅርቡ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ዕቃዎች ጥንካሬ ሳስተምር፣ የዛሬ አይሮፕላን ክንፍ ከመሠራቱ በፊት በኮምፒዩተር እንደሚሰላ፣ ከተሠራም በኋላ በመሣሪያ እየታጠፈ እንደሚፈተን ነገርኋቸው። አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ «መምህር፣ ኮምፒዩተር ካሰላው ወዲያ እንደገና መፈተን ገንዘብ ማባከን አይሆንም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሰዓቱ እያለቀ ስለ ነበረ «እውነትህን ነው፤ ወደፊት ይቀራል» ብዬ አሳለፍሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ጉዳዩ ሳነብ ግን ለክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ የተሳሳተ ነገር ማስተማሬን ተረዳሁ።

የዕቃው አሠራር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድም ብቻውን ግድግዳ አይሆንም፤ ሁለቱ አብረው ሲቦኩ ግን ቤት ይቆማል። ፈርዖን ጭድ መስጠቱን ባስቀረ ጊዜ የእስራኤል ልጆች ጭድ ፍለጋ በግብጽ ምድር የተበተኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ዘመናዊውም ዕቃ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ በጭዱ ፈንታ ከሰው ጠጕር የቀጠነ የካርቦን ክር፣ በጭቃው ፈንታ ኤፖክሲ የሚባል ሙጫ ይገባል።

ብረት በየትኛውም አቅጣጫ ቢጎትቱት ጥንካሬው ያው ነው። በክር የተሠራ ዕቃ ግን እንደ እንጨት ነው፤ በክሩ መንገድ ሲጎትቱት እጅግ ይጠነክራል፣ በአግድም ሲሆን ይደክማል። ስለዚህ መሐንዲሶች አንዱን ንጣፍ በቁመት፣ ሌላውን በአግድም፣ ሌላውንም በሰያፍ እየደረቡ ይሠሩታል። ይህን ሁሉ በእርሳስና በወረቀት ማስላት አድካሚ በመሆኑ ኮምፒዩተር ረዳት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ክላፍ ስም ያወጡለት ዘዴ፣ ክንፉን በሐሳብ ወደ ብዙ ትንንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ምን ያህል እንደሚሳብ አስልቶ፣ መልሶ ማጋጠም ነው።

ዳሩ ግን ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ክሩ ሊበጠስ፣ ሙጫው ሊሰነጠቅ፣ ንጣፍ ከንጣፍ ሊላቀቅ ይችላል፤ መላቀቁም በውስጥ ስለሚሆን ላዩን ለሚያይ ሰው አይገለጥም። በሙጫው ውስጥ የአየር አረፋ ቀርቶ ለኮምፒዩተሩ ባይነገረው፣ ስሌቱ ያለ እንከን ይወጣል፤ ዕቃው ግን እንከኑን ይዞ ይቀራል።

ለዚህ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው የቦይንግ 787 ዓይነት አይሮፕላን ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ይኸው በክር የተጠናከረ ዕቃ ነው። አይሮፕላኑ ገና ሳይበር፣ በግንቦት 2001 ዓ.ም.፣ ለምድር ፈተና ብቻ የተሠራው አካል ክንፉ ወደ ላይ ሲታጠፍ፣ ክንፉ ከገላው በሚጋጠምበት ስፍራ ንጣፎቹ ተላቀቁ። ውጤቱም ስሌቱ ከተነበየው ጋር አልተስማማም። ኩባንያው ለሰኔ ወር ያሰበውን የመጀመሪያ በረራ አዘግይቶ መጋጠሚያውን አጠናከረ፤ አይሮፕላኑም የበረረው ታኅሣሥ 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት ወር በበረራ ሊደርስበት ከሚችለው ከባድ ጭነት አንድ ጊዜ ተኩል ሲጫንበት፣ ክንፉ 7.6 ሜትር ያህል ወደ ላይ ታጥፎ ፈተናውን አለፈ።

ሁለተኛው ምሳሌ የሚያሳዝን ነው። ኦሽንጌት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ 3,800 ሜትር ያህል ጠልቆ ወደሚገኘው የታይታኒክ ስብርባሪ ሰዎችን የምታወርድ ታይታን የተባለች ጠላቂ መርከብ ሠራ። ገላዋ 13 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው የካርቦን ክር በርሜል ነበረ። ክር ሲጎትቱት ይጸናል እንጂ ሲገፉት ይታጠፋል፤ ባሕር ደግሞ ከየአቅጣጫው ይገፋል። ሆኖም መርከቢቱ በገለልተኛ ድርጅት ተመርምራ የብቃት ማረጋገጫ አላገኘችም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከጥልቁ ስትወጣ ከፍ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ የተተከሉባት መሣሪያዎችም የገላዋ ጠባይ መለወጡን መዘገቡ፤ መዝገቡን ግን በሚገባ የመረመረው አልነበረም። ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ባሕሩ ጨፈለቃት፤ የኩባንያው ኃላፊ ጭምር አምስት ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ባወጣው የምርመራ ውጤት፣ አደጋው ሊቀር ይችል እንደ ነበረ ገለጠ።

አንደኛው ፈተና የስድስት ወር መዘግየት አስከተለ፤ የሁለተኛው ፈተና መጓደል ግን የሰው ሕይወት አስከፈለ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ልጁን በጓደኞቹ ፊት «የሰጠሁህ መልስ ስሕተት ነበረ» አልሁት። እርሱም «እንግዲያው ስሌቱ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠየቀኝ። ስሌቱ ከብዙ ዓይነት አሠራር የማይረባውን ሳንሠራ እንድንተወውና የቱን ስፍራ አጥብቀን መፈተን እንዳለብን ያሳየናል፤ ፈተናው ደግሞ ስሌቱ እውነት መናገሩን ይመሰክራል ብዬ መለስሁለት።

በየመሥሪያ ቤቱ ለምንሠራ ሰዎችም ነገሩ ይመለከተናል። በሰንጠረዥ ተውቦ ጠረጴዛችን ላይ የቀረበ ቁጥር «ከኮምፒዩተር የወጣ ነው» ሲባል፣ እንደ ማኅተም ቆጥረን የምንፈርም ጥቂቶች አይደለንም። እኔም በጥቍር ሰሌዳዬ ፊት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከመፈረማችን በፊት «ምን ተነግሮት አሰላ? በምንስ ተፈተነ?» ብለን ብንጠይቅ፣ ጥያቄው የሚወስድብን ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ