ወደ ውሃ ስንገባ የመኪናችን ቁልፍ የት ይቀመጥ?

ሰው ወደ ውሃ ሲገባ ልብሱን፣ ጫማውን፣ ሰዓቱንና ገንዘቡን በዳር ትቶ ይገባል። ሹምም ሆነ ተማሪ፣ ባለጸጋም ሆነ ድኻ፣ በውሃ ውስጥ ሁሉም እኩል ነው። ይሁንና በመኪና ወደ ባሕር ወይም ወደ ሐይቅ ዳርቻ የሄደ ሰው እንዲህ በቀላሉ ጥሎት ሊገባ የማይችለው አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ ይኸውም የመኪናው ቁልፍ ነው። ይዞት ቢገባ ውሃው ይወስድበታል ወይም ያበላሽበታል፤ በዳር ቢተወው ደግሞ ሌባ ያነሣበታል። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ቁልፉ የጠፋ ዕለት የአንድ ቀን ደስታ ወደ ጭንቀት የሚለወጥ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ይህን ችግር ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት በባሕር ሞገድ ላይ በሳንቃ የሚንሸራተቱት ስፖርተኞች ናቸው። ሰርፊንግ የተባለው ይህ ስፖርት ከሃዋይ ደሴቶች የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ዋና የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው የሃዋዩ ተወላጅ ዱክ ካሃናሞኩ በ1914 መጨረሻና በ1915 መጀመሪያ ወደ አውስትራሊያ ሄዶ በሲድኒ ባሕር ዳርቻ ለሕዝብ አሳይቶታል። ከዚያ ወዲህ በዓለም ተስፋፍቶ፣ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ከውድድሮቹ አንዱ ለመሆን በቅቷል። የሞገድ ስፖርተኛ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ማልዶና ብቻውን ነው። መኪናውን በዳርቻው ያቆማል፤ ልብሱን ይለውጣል፤ ሳንቃውን ይዞ ከባሕሩ ይገባል። ከዚያ በኋላ ዓይኑ የሚመጣውን ሞገድ እንጂ መኪናውን አያይም።

ሌባም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ከመኪና ማቆሚያው ራቅ ብሎ ተቀምጦ ባለመኪናው ጎንበስ ሲል ይመለከታል። ቁልፍን በጎማ ላይ፣ ከፓራውልት ሥር፣ በነዳጅ ማስገቢያው ክዳን ውስጥ ወይም በአቅራቢያው ካለ ድንጋይ በታች መደበቅ በዓለም ሁሉ የታወቀ ዘዴ ነው፤ የታወቀ በመሆኑም ዘዴነቱ ቀርቷል። «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የዛሬው ቁልፍ ከትናንቱ ለምን እንደሚለይ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዘመን የመኪና ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ቻርልስ ኬተሪንግ የፈለሰፈው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመ፤ በ1949 ደግሞ የክራይስለር ኩባንያ ቁልፉን በማዞር ብቻ ሞተሩ እንዲነሣ አደረገ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቁልፍ ማለት ጥርስ ያለው ብረት ብቻ ነበር። ውሃ ቢነካው አይጎዳም፤ ቢጠፋም በማንኛውም ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ተቀርጾ ይተካል።

በ1990ዎቹ ግን ስርቆት ስለበዛ ኢሞቢላይዘር የሚባለው መከላከያ ተስፋፋ። በእንግሊዝ አገር ከ1998 ጀምሮ በአዲስ የቤት መኪና ሁሉ ላይ እንዲገጠም ግዴታ ሆኗል። በዚህ ዘዴ በቁልፉ ራስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቺፕ ትቀመጣለች። ቺፕዋ የራስዋ ባትሪ የላትም፤ ቁልፉ በማስነሻው ውስጥ ሲገባ በዙሪያው ካለው የሽቦ ጥቅል ኀይል አግኝታ ምስጢራዊ ቁጥርዋን ለመኪናው ትናገራለች። ቁጥሩ የማይገጥም ከሆነ ብረቱ ቢዞርም ሞተሩ አይነሣም። በዚያው በ1998 መርሴዲስ ቤንዝ ከኪስ ሳይወጣ በር የሚከፍተውንና ሞተር የሚያስነሣውን ቁልፍ አቀረበ፤ ይህም ዓይነት ዛሬ በብዙ መኪናዎች ላይ ይገኛል። እንግዲህ የዛሬው ቁልፍ ብረት ብቻ ሳይሆን መኪናው ሲጠራው የሚሰማና የሚመልስ ትንሽ ሬዲዮ ሆኗል ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ሁለት አዳዲስ ችግሮች መጡ። የመጀመሪያው፣ ሬዲዮ የሆነ ነገር ውሃን መፍራቱ ነው። በተለይም የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ በቁልፉ ውስጥ ያሉትንም ጥቃቅን የመዳብ መሥመሮች እንደ ዝገት ይበላቸዋል። ሁለተኛው፣ ቁልፉን በጎማ ላይ ወይም ከፓራውልት ሥር የደበቀ ሰው ሳያውቀው በሩን ክፍት አድርጎ መሄዱ ነው። መኪናው ቁልፉ በአጠገቡ መሆኑን ስለሚሰማ፣ እጀታውን ለነካ ሰው ሁሉ በሩን ሊከፍትለት ይችላል። ሌባው ቁልፉን መፈለግ እንኳ አያስፈልገውም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ልምድ ያላቸው የሞገድ ስፖርተኞች የደረሱበት ብልኃት ብረቱን ከሬዲዮው መለየት ነው። በብዙዎቹ ዘመናዊ ቁልፎች ሆድ ውስጥ በሩን ብቻ የሚከፍት ትንሽ የብረት ቁልፍ ተሸሽጎ ይገኛል። ይህ ብረት ውሃ አይፈራም፤ ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር ወደ ውሃ ይገባል። የሞገድ ስፖርተኞች የጎማ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ለቁልፍ የተዘጋጀች ትንሽ ኪስና ማሰሪያ አለችው፤ ሳንቃውን ከእግር ጋር የሚያያይዘው ገመድም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ኪስ አለው። ሬዲዮው ያለበት ክፍል ግን በአሉሚኒየም ወረቀት በሚገባ ተጠቅልሎ፣ ከውጭ በማይታይ ስፍራ በመኪናው ውስጥ ይቀመጣል። የብረት ሽፋን ከውጭ የሚመጣን የኤሌክትሪክ ኀይል እንደሚያግድ ማይክል ፋራዴይ በ1836 አሳይቷልና፣ የተጠቀለለው ቁልፍ ለመኪናው ጥሪ መልስ አይሰጥም። ከዚህ በኋላ በሩ በብረቱ ይቆለፋል።

ይህን ግን በቤታችሁ ደጅ፣ ሌላው ቁልፍ በእጃችሁ ሳለ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሳትሞክሩ በባሕር ዳር አታድርጉት። መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም፤ ወረቀቱም በቂ ካልሆነ መኪናው ቁልፉን ይሰማዋል። የአንዳንድ ፋብሪካ ቁልፎች ደግሞ ሬዲዮውን ለጊዜው የሚያስተኙበት ዘዴ አላቸው፤ ይህም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። የመድን ውላችሁንም አንብቡ፤ ቁልፉ በመኪናው ውስጥ ሳለ ለሚደርስ ስርቆት ካሣ የማይከፍል ውል አለና።

ቁልፉን በመኪናው ውስጥ መተው ያልወደደ ሰው ቁጥር ያለው የብረት ሣጥን ገዝቶ ከመኪናው መጎተቻ ላይ እንደ ጓጉንቸር ሊቆልፈው ይችላል። ባለ አራት አኀዝ የሆነው 10,000 ዓይነት አቀማመጥ ስላለው በቶሎ አይገመትም፤ ነገር ግን ቁጥሩን ስታዞሩ ከኋላችሁ የሚያይ ሰው ካለ አሥሩ ሺሕ ወደ አንድ ይወርዳል። ውሃ የማያስገባ ከረጢትም በየሱቁ ይሸጣል። በላዩ አይፒ 67 የሚል ምልክት ያለበት ዕቃ የተፈተነው በ1 ሜትር ጥልቀት፣ በረጋ ውሃ፣ ለ30 ደቂቃ ነው። የሚማታ ሞገድ ግን የረጋ ውሃ አይደለም። ስለዚህ በቅድሚያ ደረቅ ወረቀት ከትቶ በባልዲ ውሃ ውስጥ አስጥሞ መፈተን ይገባል።

አገራችን የባሕር በር ባይኖራትም ጉዳዩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው ወደ ላንጋኖ ሐይቅ በየሳምንቱ መጨረሻ ብዙ ወጣቶች በመኪና ይወርዳሉ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማና ድፍርስ ስለሆነ ከእጅ ያመለጠ ቁልፍ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ እንኳ አይታይም። በገበያ ብረቱን ብቻ የሚቀርጽ ባለሙያም ቺፕ ላለው መኪና ሞተር ማስነሻ ሊሆን አይችልም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ በመሄዱ፣ ሬዲዮ የሆነው ቁልፍ በብዙ ወጣት ሠራተኞች ኪስ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ለመስክ ሥራ የመንግሥት መኪና ተረክቦ የወጣ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ፣ ትርፉ ቁልፍ ያለው በመሥሪያ ቤቱ ስምሪት ክፍል መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናል።

ሆኖም እኛ ወደ ውሃ የምንሄደው ብዙ ጊዜ ብቻችንን ሳይሆን በማኅበር ነው፤ ይህም ለብቸኛው የሞገድ ስፖርተኛ ያልተሰጠ ታላቅ ዕድል ነው። ከመካከላችን አንድ ሰው ቁልፉን ተረክቦ በዳር ይቀመጥ። ይህ ሰው መንዳት የሚችልና መጠጥ ያልቀመሰ መሆን አለበት። ሁልጊዜ ዋና የማይችለውን ጓደኛ ዕቃ ጠባቂ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም፤ እርሱም ቢሆን ከውሃው ዳር እግሩን ማራስ ይወዳልና ተራው በየሰዓቱ ይለዋወጥ።

የዚህ ሰው ሥራ ልብስና ቁልፍ መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት ዋናተኞቹን መመልከት ነው። ሰው በሚሰጥምበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሳይጮኽ ዝም ብሎ ይሰጥማል፤ የሚያየው ዓይን በዳር ካልተገኘ ጓደኞቹ በአጠገቡ ሆነው ላያውቁለት ይችላሉ። ከውሃው የወጣውንም ሰው ወደ ሐኪም የሚያደርሰው፣ ከከተማ ርቆ በሚገኝ ዳርቻ፣ በዚያ የቆመው መኪና ነው። በዚያች ሰዓት ቁልፉ በሐይቁ ወለል ላይ ከተኛ፣ ወይም በየትኛው ሱሪ ኪስ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ከሌለ፣ መኪናው ከቆመ ድንጋይ አይሻልም። የቁልፍ ነገር ተራ ጉዳይ አይደለም ያልነውም ስለዚህ ነው።

ጥንቃቄው ሁሉ ሳይሠራ ቀርቶ ቁልፉ ውሃ ቢገባው ተስፋ መቁረጥ አያሻም። ቁልፉን ለመሞከር መጫን ትቶ ወዲያው መክፈትና እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን ባትሪ ማውጣት ይገባል። ጨው ወይም ጭቃ የነካውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ፣ ከእሳትና ከብርቱ ፀሐይ አርቆ፣ አንድ ሁለት ቀን ማድረቅ ነው። ቁልፎቹ ባይሠሩ እንኳ ቺፕዋ ብዙ ጊዜ ታሽጋ የተሠራች ስለሆነች ሞተሩን ልታስነሣ ትችላለች።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ልብሳችሁን ከማውለቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» በሉ። መልሱ የአንድ ሰው ስም ከሆነ በደስታ ዋኙ። መልሱ «እዚያ ጋ አስቀምጬዋለሁ» ከሆነ ግን ውሃው የትም አይሄድምና ጥቂት ቆዩ፤ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቁልፉን መጀመሪያ አደራ ለሚቀበል ሰው አስረክቡ።