አስከሬኑ ከተሸኘ በኋላ፦ የስደተኛ ውርስ ለምን ያጣላል?

በሳዑዲዋ ከተማ ደማም ውስጥ አል ጀለዊያን በመሰሉ ሰፈሮች የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሲሞት መጀመሪያ የሚያስጨንቀው አስከሬኑ ነው። መዋጮ ይሰበሰባል፣ ሪያድ ላለው ኤምባሲ ይደወላል። የንብረቱ ጉዳይ ቆይቶ አገር ቤት ይነሣና እህትና ወንድምን ችሎት ያቆማል። ሰሚም «ገንዘብ አሳወራቸው» ብሎ ይፈርዳል። ስስት የለም አይባልም፤ የጠቡ ሥር ግን ብዙ ጊዜ ሟች በሕይወት ሳለ ገንዘቡን የላከበትና ንብረቱን ያስመዘገበበት መንገድ ነው።

የአስከሬኑን ነገር የሳዑዲ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 40 ይወስነዋል። ቤተሰቡ ፈቅዶ እዚያው ካልተቀበረ የመላኪያው ወጪ የአሠሪው ነው። የቤት ሠራተኞች ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ሆነው በራሳቸው ደንብ ይተዳደራሉ። ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ የመኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ) የሌላት ሠራተኛ ስትሞት ደግሞ ኃላፊ ነኝ የሚል አሠሪ ማግኘት ስለሚከብድ፣ ሸክሙ በወገን መዋጮ ላይ ይወድቃል።

ውርሱን በሚመለከት የ1952ቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሮችን ይለያል። ያልተከፈለ ደመወዝ የውርስ ሀብት ነው። በሞቱ ምክንያት ለዘመዶች ወይም ለትዳር ጓደኛ የሚከፈል ካሳ ግን በአንቀጽ 828 መሠረት ከውርሱ አይቆጠርም። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ እኩል ይወርሳሉ፤ ልጅና የልጅ ልጅ ከሌለ ተራው የወላጆች ነው። ባል ወይም ሚስት ከጋራ ሀብቱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ እንጂ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይሆኑም። ተከራካሪዎቹ ተስማምተው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከቀረቡ ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ያገኛል።

ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ጠቡ ከየት ይመጣል? ከቤቱ። ገንዘቡ ከባንክ ውጭ፣ በሀዋላ ይላካል፤ ቤቱ በወንድም ስም ይሠራል። አንቀጽ 1195 ደግሞ የባለቤትነት ማስረጃ በስሙ የተሰጠውን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል። የሟች ልጆች «የእናታችን ላብ ነው» ሲሉ የባንክ ደረሰኝ የላቸውም። ወንድምየውም ግንበኛ የተቆጣጠረበትንና ወላጆቹን የጦረበትን ዘመን ይቆጥራል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሰነድ ያለው ግን አንዱ ነው።

ይህ እየታወቀ ለምን አይስተካከልም? ለሟች ድንኳን ለመጣልና ተዝካር ለማውጣት የማይሰስት ቤተሰብ፣ በቁም ስለ ውርስ ማንሣትን እንደ ሟርት ያየዋል። ስደተኛዋም «ቤቱ በስሜ ይሁን» ብትል ዘመዶቿን ያላመነች ይመስልባታል። ይሉኝታው ያኔ ያስቀረው ንግግር ከቀብር በኋላ ክስ ሆኖ ይመጣል።

አንዱ መውጫ ኑዛዜ ነው፤ በገዛ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ያለ ምስክር ይጸናል። ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠም ይፈርሳል። ይሁንና በሌላ ሰው ስም ያለን ቤት ኑዛዜ ብቻውን አያስመልስም። ስለዚህ በባንክ መላክና ንብረቱን በውክልና በራስ ስም ማስመዝገብ ከኑዛዜው መቅደም አለባቸው።