ግራጫ ወይስ ክሬም? ስለ ግድግዳ ቀለም የሚባለውና እውነቱ

አርባ ምንጭ ላይ ቤት የሚያስቀባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመነታው በፈዛዛ ግራጫና በክሬም መካከል ነው። መካሪ ደግሞ አይጠፋም።

«ግራጫ ቀዝቃዛ ነው፤ ለታችኛው የከተማዋ ክፍል ለሲቀላ ሙቀት እሱ ይሻላል» ይባላል። ቅዝቃዜው ለዓይን ብቻ ነው። ቤቱን የሚያግለው ቆርቆሮው ስለሆነ የሳሎኑን ግድግዳ ምንም ቢቀቡት ሙቀቱ አይቀንስም። ገንዘቡ ለኮርኒስ ቢውል ይሻላል።

«ወደ ሰሜን የዞረ ክፍል ክሬም፣ ወደ ደቡብ የዞረ ግራጫ» የሚለው ምክር ደግሞ ከፈረንጅ መጽሔት የተቀዳ ነው። አውሮፓ ውስጥ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለሆነች እዚያ ያስኬዳል። አርባ ምንጭ ግን ከምድር ወገብ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ናት። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጳጉሜን መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትውላለች፤ ሰኔ ላይ ከአናት 17 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ ታኅሣሥ ላይ 29 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ እዚህ ይበልጥ የሚታየው የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ በምዕራብ መስኮት የሚገባው ቢጫ ብርሃን ክሬሙን ቅቤ ያስመስለዋል፤ ግራጫውን ግን ያለዝበዋል። መስኮቱ ፊት ማንጎ ካለማ ግራጫው ወደ አረንጓዴ ይሳባል።

«ግራጫ አቧራ ይደብቃል» የሚሉም አሉ። የኛ አቧራ ቀይ ቡናማ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ነው። ክሬም ቀለም ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው የዚሁ ዘመድ የሆነው ቢጫው ኦክሳይድ ስለሆነ አቧራው በክሬም ላይ ብዙም አይለይም፤ ግራጫ ላይ ግን ከወለሉ በላይ እንደ መስመር ይታያል። በማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ለሚቀረው የእጅ እድፍ ግን ሁለቱም ያው ናቸው፤ እዚያ ወሳኙ ቀለሙ መታጠብ መቻሉ ነው።

ከሁሉም የከፋው በሱቅ ካርድ መምረጥ ነው። ካርዱ ትንሽ፣ የሱቁ መብራትም የሱቁ ነው። ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ደርበው ይቀቡና ከግድግዳ ግድግዳ እያዞሩ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ይዩት። ቀን የወደዱት ግራጫ በነጭ ኤልኢዲ አምፖል ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ነጭ ወረቀት አጠገቡ ቢያኖሩ ያ ድብቅ ሰማያዊ ቀድሞ ይታያል።

እኔ ለሲቀላ ክሬም እመርጣለሁ፤ ምዕራብ ለሚያይ ክፍል ብቻ ግራጫ። ጉም ለማይለያት ለደጋዋ ከተማ ለጨንቻ ግን ግራጫን ጨርሶ አልመክርም።