ራሱን በሚያታልል ሰው ስለ ምን እንሥቃለን?



በ2011 ዓ.ም. በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው «ምን ልታዘዝ» የተባለው ተከታታይ ድራማ፣ መድረኩ ምንም እንኳ አንዲት ካፌ ብትሆን፣ ሣቁ የሀገርን አስተዳደር የሚነካ ነበር። በጎጃም የቅኔ ቤት አነጋገር ሰሙ አስተናጋጅና ደንበኛ፣ ወርቁ ግን ሹምና ባለጉዳይ ነበረ።

ለጥቅሙ ብቻ እየሮጠ ራሱን የሕዝብ አገልጋይ አድርጎ የሚቈጥር ሰው የሚያሥቀን፣ ሁሉ የሚያየውን ነውሩን እርሱ ብቻ ስለማያየው ነው። ሣቁም ጥቅም አለው፤ ተግሣጽ የሚያስቈጣው ሰው እንኳ ሲሣቅ ሰምቶ ራሱን ይመረምራልና።

ነገር ግን ከቡሬ ገጠር በሌሊት ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም ከቢሮ ደጃፍ የደረሰ ገበሬ «ነገ ተመለስ» ሲባል አይሥቅም። ማታ የሣቅንበት ሰው፣ ጧት በእኛው ወንበር ተቀምጦ እንዳይገኝ እንጠንቀቅ።