«ሙቀት ይይዛል» ስንል፦ የግድግዳ ቃላት በልደታና በተጎታች ቤት

የግንባታ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ደጋግመው ከሚያጋጥሙት ሐሳቦች ሁለቱ የግድግዳ ሙቀትና የግድግዳ ዕድሜ ናቸው። ለሁለቱም ቋንቋችን የለመደው አነጋገር አለው። ግድግዳው «ሙቀት ይይዛል»፣ ግድግዳው «ጠንካራ ነው» እንላለን። ለዕለት ጭውውት እነዚህ አባባሎች ምንም አይጎድላቸውም። ነገር ግን አንዱን የቤት መሥሪያ ከሌላው አወዳድሮ ለማስመረጥ በተጻፈ ሰነድ ውስጥ ሲገቡ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት የተለያዩ ጠባዮችን በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ አንባቢው የማይፈልገውን ግድግዳ ገዝቶ ሊገባ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ልዩነት በልደታ ሰፈር ግድግዳዎችና በተጎታች ቤት ግድግዳ አማካይነት ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «ካራቫን» የሚለው ቃል ምንጩ ፋርስኛ ሲሆን፣ በጥንት ትርጉሙ ተሰባስቦ ረጅም መንገድ የሚጓዘውን የነጋዴ ጓዝ ያመለክታል፤ ይኸውም አማርኛ «ሲራራ» ወይም «ቅፍለት» የሚለው ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን ከወሰደ በኋላ በመኪና ለሚጎተት ባለ ጎማ ቤትም ሰጠው። ስለሆነም መዝገበ ቃላት ገልጦ «የሲራራ ግድግዳ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ግመሎቹን በጣውላ ሊያጥራቸው ነው። «ተሳቢ ቤት» እንዳንል፣ ሹፌሮች «ተሳቢ» የሚሉት ጭነት የሚጫንበትን ነው፤ በሰዋስውም ተሳቢ ከባለቤት ጋር የሚቆም ሌላ ክፍል ስለሆነ ለቀልድ ይመቻል እንጂ ለስያሜ አይመችም። እኛ «ተጎታች ቤት» የሚለውን መርጠናል። ጎማ የሌለውን የብረት ሣጥን ግን ሕዝቡ «ኮንቴነር» ብሎ ስለጨረሰው ሌላ ስም መፈለግ ትርፍ ድካም ነው።

«ግድግዳ» ራሱም ታሪክ አለው። «ገደገደ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ እንጨት ማቆምን አስቀድሞ ያስባል። በድንጋይ የተሠራው «ግንብ»፣ ያለ ማያያዣ የተደረደረው «ካብ» ነው። ዛሬ «የብሎኬት ግድግዳ»፣ «የቆርቆሮ ግድግዳ» ስንል ቃሉ ከእንጨቱ ተላቆ የማንኛውም ቤት ጎን ስም ሆኗል፤ ይህም ጤናማ የቃል ዕድገት ነው። «ብሎኬት» የተባለውም ከጣልያንኛ መጥቶ ባለሙያውም ባለቤቱም የሚጠራው የአገር ቃል ሆኗል።

ስሙን ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ባገኘው በልደታ ሰፈር እነዚህ ግድግዳዎች ሁሉ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ጎን ለጎን ታይተዋል። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገርና የጤፍ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ የነበራቸው ብዙ ቤቶች ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በመልሶ ማልማት ፈርሰው፣ በቦታቸው ባለ ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በኮንክሪት ምሰሶና በብሎኬት ተሠርተዋል። በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ በከተማው ከንቲባ ስም «የአርከበ ሱቅ» የተባሉት ትንንሽ የቆርቆሮ ሱቆች ተተክለው ነበር። እንግዲህ ከጭቃው ቤት ወጥቶ ብሎኬት ቤት የገባ፣ ቀኑን በቆርቆሮ ሱቅ የሚውል ሰው፣ የትኛው ሙቀት ይይዛል ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? መልሱ የተጠየቀው ስለ ጋቢ ነው ወይስ ስለ ምጣድ በሚለው ይወሰናል።

ጋቢም ሙቀት ይይዛል፤ ምጣድም ሙቀት ይይዛል። ጋቢ ሙቀት የሚይዘው በድርና ማጉ መካከል ያለው አየር የገላችንን ሙቀት ወደ ውጭ እንዳይሄድ ስለሚያዘገየው ነው። ራሱ ግን ሙቀት አላከማቸም፤ ከትከሻ አውርደን ብናስቀምጠው ወዲያው ይበርዳል። ምጣድ በአንጻሩ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ትኩስ ሆኖ ይቆያል፤ ያጠራቀመውን ቀስ በቀስ ይሰጣል እንጂ ሙቀት እንዳያልፍ የሚከለክል ነገር አይደለም። ቢከለክል ኖሮ እንጀራው አይበስልም ነበር። አንዱ ይከላል፣ ሌላው ያቁራል። አማርኛ ግን ሁለቱንም «ይይዛል» በሚለው ግስ ስለሚገልጽ ልዩነቱ ይጠፋል።

የተጎታች ቤት ግድግዳ ጋቢ ነው። በተለመደው አሠራር ከውጭ ስስ የአሉሚኒየም ልባስ፣ ከውስጥ ኮምፔንሳቶ፣ በመካከላቸው የእንጨት አጽምና ፖሊስታይሪን የተባለው ነጭ አረፋ ይገኝበታል። ይህ አረፋ ሙቀት የማስተላለፍ ዐቅሙ በሜትርና በኬልቪን ከ0.035 እስከ 0.04 ዋት ነው። ጭድ ያለበት ጭቃ እንደ ጭዱ ብዛት ከ0.4 እስከ 0.8፣ ብረት ደግሞ 50 ያህል ነው። ስለዚህ 3 ሴንቲ ሜትር አረፋ ሙቀት በመከለል ረገድ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከሚወፍር የጭቃ ግድግዳ ጋር ይተካከላል። ባዶ ቆርቆሮ ነፋስና ዝናብ ያስቀራል እንጂ ሙቀትን ምንም አይከልልም።

ወደ ማቆሩ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 15 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር የጭቃ ግድግዳ በ1 ካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ የተጎታቹ ቤት ግድግዳ ከነልባሱ ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው፤ አረፋው ለብቻው 1 ኪሎ እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አልፎ ሌሊቱ ከ10 በታች የሚወርድባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ አየር ጭቃው ቀን የተቀበለውን ሌሊት ይመልሳል። ተጎታቹ ቤት ምድጃ እስካለ ድረስ ቶሎ ይሞቃል፣ ምድጃው ሲጠፋ ግን የሚመልሰው ጥሪት የለውም። ብሎኬት በሁለቱ መካከል ነው፦ ክብደት ስላለው በመጠኑ ያቁራል፣ ነገር ግን ሲሚንቶው ሙቀት ስለሚያሳልፍ በሆዱ ያለው ባዶ ቦታ እንደሚታሰበው ብዙ አይከልልም። ከጭቃ ቤት ወደ ብሎኬት ቤት የገቡ ሰዎች «ይበርዳል» ቢሉ ትዝታ ብቻ እንዳይመስለን።

ስለ ስያሜው ያለን ሐሳብ የሚከተለው ነው። «አስተላላፊ» በትምህርት መጻሕፍት ሥር ስለ ሰደደ አይነካ። ለጋቢው ጠባይ «ሙቀት ከላይ» ማለት ሲነበብ ከ«ላይ» ጋር ስለሚምታታ «ሙቀት ከላይ»ን ትተን «ሙቀት ከልካይ» እንበል። ለምጣዱ ጠባይ «ሙቀት አቋሪ»ን እናቀርባለን፤ «ውሃ ማቆር» የሚለው አነጋገር ገበሬውም የልማት ሠራተኛውም የሚያውቀው ስለሆነ ትርጉሙን ለማስረዳት አያስቸግርም። ነገር ግን አሳጥረን «የሙቀት ቁር» ማለት አይቻልም፤ ቁር ብርድ ነውና።

«ጠንካራ» የሚለውም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። የባሕር ዛፍ ቋሚ ጣሪያ ይሸከማል፤ ነገር ግን እግሩ እርጥብ መሬት ውስጥ ሲቀበር በምስጥና በብስባሴ ያልቃል፤ የተቃጠለ ዘይት የሚቀባውም ስለዚህ ነው። አረፋው በተቃራኒው በጣት ሲጫኑት ይሰረጎዳል፣ ከፀሐይ ከተሸሸገ ግን አይበሰብስም። ቋሚው ጥንካሬ አለው፣ ጽናት የለውም፤ አረፋው ጽናት አለው፣ ጥንካሬ የለውም። ሸክም መቻልን «ጥንካሬ»፣ ዘመን መቻልን «ጽናት» ብንል ሁለቱ ይለያያሉ። «ዘላቂነት» ለዚህ ጥሩ ቃል በሆነ ነበር፤ ሆኖም «ዘላቂ ልማት» ቀድሞ ወስዶታል፣ «ዘላቂ ግድግዳ» ሲባልም አንባቢው ስለ አካባቢ ጥበቃ የተነገረ ይመስለዋል።

ጽናት ደግሞ የአንድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የመጋጠሚያውም ጉዳይ ነው። የተጎታች ቤት ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ልባሱ አርጅቶ ሳይሆን፣ በመስኮትና በማዕዘን መጋጠሚያ ውሃ ገብቶ የማይታየውን የእንጨት አጽም ስለሚያበሰብሰው ነው። የጭቃው ግድግዳም እንዲሁ ክፈፉ ሰፊ፣ እግሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ በየጊዜው እየተመረገ ብዙ ዓመት ያገለግላል።

አንድ ቃል ይቀረናል። ሌሊት በቆርቆሮ ወይም በኮንቴነር ግድግዳ ውስጠኛ ፊት ላይ የሚወርደውን ውሃ ሕዝቡ «ግድግዳው አላበው» ይላል። ተርጓሚዎች ግን «ጤዛ» ይሉታል። ጤዛ ውጭ በሣር ላይ የሚያርፍ ነው፤ ይህኛው ከሰዎች ትንፋሽና ከማብሰያው እንፋሎት የሚመጣ ስለሆነ «የግድግዳ ላብ» የሚለው ምክንያቱንም ቦታውንም ይጠቁማል። በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር በዚሁ መልክ እንዲገባ እናሳስባለን።