ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቡት፦ የበረዶ ላይ ስኬቲንግ ጫማ ለአዋቂ ጀማሪ

የፊገር ስኬቲንግ ጫማ ሁለት ነገሮች ተጋጥመው የሚሠሩት ነው፤ እግርን ከቁርጭምጭሚት በላይ ድረስ ጨብጦ የሚይዝ ቡት እና ከሶሉ ሥር በብሎን የታሰረ ረጅም ብረት። ብረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ከሥሩ በቁመቱ ልክ ስስ ቦይ ስለተፋቀበት ግራና ቀኝ ሁለት ስለት ያወጣል፤ ከፊት ጫፉ ላይ ደግሞ በረዶ የሚቆነጥጡ ጥርሶች አሉት። ከጎን ሲያዩት ቀጥ ያለ ቢመስልም በጥቂቱ ጎብጧል። በመሆኑም ሙሉ ርዝመቱ በረዶውን አይነካም፤ በአንድ ጊዜ የሚያርፈው ጥቂት ጣት የሚያህል ክፍሉ ነው። የአንድ ጎልማሳ ሙሉ ክብደት የሚቆመው በዚች ቁራጭ ብረት ላይ ስለሆነ፣ ክብደቱ ወደየትም እንዳያዘነብል የመያዙ ሥራ የቡቱ ነው።

ከወሎዋ ወግዲ ደጋ ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል የወረደ ሰው የቁርጭምጭሚትን ጠባይ ያውቀዋል። ጠጠሩ ከእግር ሥር ሲከዳ እግር ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ወለምታም ይከተላል። መገጣጠሚያው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደልቡ እንዲታጠፍ የተሠራ ሲሆን ወደ ጎን ግን በአብዛኛው የሚገታው ጅማት ነው። በቁልቁለቱ ላይ መንገደኛው ሰፊ መርገጫ አለው፣ ዱላም ይመረኮዛል። በረዶ ላይ ያለው ሰው ሁለቱም የሉትም። ከዚህም በላይ ለመታጠፍና ለመዞር ሆን ብሎ ከሁለቱ ስለቶች በአንዱ ላይ ያዘነብላል። የጥሩ ቡት መለኪያም ከዚሁ ይመነጫል፤ ጉልበት ሲታጠፍ ወደ ፊት በጥቂቱ ይታዘዛል፣ ወደ ጎን ግን አይታዘዝም።

ይህ ለሁሉም የበረዶ ጫማ የሚሠራ ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረው በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ነበር። በዚያ ስፖርት ጫማው ከሸርተቴው ጋር የሚያያዘው ከፊት፣ በጣቶቹ በኩል ብቻ ነው፤ ተረከዙ እንደ መራመድ እየተነሣ ይወርዳል። በፊገር ስኬቲንግ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ተረከዝ ከቡቱ ውስጥ የተነሣ ዕለት ብረቱ ከእግሩ ትእዛዝ ወጥቷል ማለት ነው።

ቡትና ብረት እንዲህ መዋሐዳቸው የቅርብ ዘመን ታሪክ ነው። በሰሜን አውሮፓ ሰዎች መጀመሪያ ከእንስሳት አጥንት፣ ኋላም ብረት ከተገጠመበት እንጨት የተሠራ መንሸራተቻ በተራ ጫማቸው ላይ በጠፍር እያሰሩ ይጠቀሙ ነበር። ጠፍሩ ይላላል፣ መንሸራተቻው ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አሜሪካዊው ዳንሰኛ ጃክሰን ሄይንስ ብረቱን ከቡቱ ጋር አንድ አድርጎ በማያያዝ ዳንስና ዝላይን ወደ በረዶው አመጣ። አገሩ ብዙም ባይቀበለውም ቪየና በአድናቆት ተቀበለችው። የዛሬው ፊገር ስኬቲንግ በአብዛኛው የተገነባው በእሱ መንገድ ላይ ነው።

የአዋቂ ጀማሪ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው ይጀምራል። በስፖርት ዕቃ መደብር በርካሽ የሚሸጠው ለስላሳ ቡት በጥሩ ሁኔታ የሚያገለግለው ክብደቱ ቀላል ለሆነ ልጅ ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅና 75 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ያንኑ የመጀመሪያ ትምህርት፣ ያንኑ ትንሽ ዝላይ ሊማሩ ይችላሉ፤ ቡቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ግን ፈጽሞ አይመጣጠንም። ከዝላይ ሲያርፉ ደግሞ ኃይሉ ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል። አዋቂው ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ሲታጠፍበት «እግሬ ደካማ ነው» ብሎ ይደመድማል። በአብዛኛው ደካማው ቡቱ ነው። ይህን ስህተት ማረም ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ስፖርቱን እንዳይተው ያደርጋል። በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም ልጁን ለስኬቲንግ ትምህርት አድርሶ ራሱም ለመማር የተነሣሣ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ለልጁ የተገዛውን ዓይነት ቡት በትልቅ ቁጥር ቢገዛ የሚገጥመው ይኸው ነው።

የታወቁ አምራቾች፣ ከእነዚህም በዚያው በሚኒሶታ ሬድ ዊንግ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ የሚሠራው ሪዴል፣ የካናዳው ጃክሰን እና የጣሊያኑ ኤዴያ፣ ለየቡቱ ዓይነት የጥንካሬ ደረጃ ያወጣሉ። የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር ስለማይገጥም ቁጥሩን ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ደረጃው የሚመረጠው ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ በማየት ነው፤ የሰውየው ክብደት፣ አሁን የሚሠራው እንቅስቃሴ እና የእግሩ ታሪክ። ቀድሞ ወለምታ ደጋግሞ የመታው ቁርጭምጭሚት ጅማቱ ስለሚላላ ከእኩዮቹ ከፍ ያለ ድጋፍ ይሻል።

ይህ ማለት ግን የጠነከረ ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። ሁለትና ሦስት ጊዜ በአየር ላይ ለሚሽከረከር ተወዳዳሪ የተሠራ ቡት ጀማሪው ሲያጠልቀው እንደ ግንድ ይሆንበታል። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊት ካልታጠፈ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ ጉልበቱ ካልታጠፈ ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የማረፉም ኃይል ወደ ጉልበትና ወደ ወገብ ይሻገራል። ትክክለኛው ቡት አዲስ ሳለ ትንሽ የሚያስቸግር፣ ከጥቂት ሳምንታት ልምምድ በኋላ ግን ለጉልበት መታጠፍ የሚገራ ነው።

ድጋፍ ከጥንካሬ ብቻ አይመጣም። የሰፋ ቡት የቱንም ያህል ቢጠነክር እግርን አይይዝም። የስኬቲንግ ቡት ቁጥር ብዙ ጊዜ ከአዘቦት ጫማ ቁጥር ያንሳል፤ ስለዚህ እግር በሚሊ ሜትር መለካት አለበት፤ ይህም ቆመው፣ ክብደት በሁለቱም እግር ላይ ሳለ፣ ቢቻል ከሰዓት በኋላ እግር ትንሽ ሲያብጥ። የአዋቂ እግር በዕድሜ ብዛት ስለሚሰፋ የቁመቱ ብቻ ሳይሆን የስፋቱ ልክም ይወሰዳል። ቡቱ የሚለካው በስስ ካልሲ ነው። ወፍራም ካልሲ ሙቀት ቢሰጥም እግርን ከቡቱ ያራርቃል። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣቶች የቡቱን ጫፍ በስሱ ይነኩታል፤ ጉልበት ሲታጠፍ ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ተረከዝ ግን በምንም ሁኔታ ከቦታው አይነቃነቅም። ክሩ ከታሰረ በኋላ ግራና ቀኝ ያሉት ጠርዞች መሃላቸው ላይ ከተገናኙ ቡቱ ሰፊ ነው።

አስተሳሰሩም የድጋፉ አካል ነው። ከጣቶቹ በላይ ያለው ክር ደም እንዲዘዋወር ላላ ይላል፤ እግሩ ከቅልጥም ጋር በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይጠብቃል፤ ላይኛዎቹ መንጠቆዎች ጋ እንደገና ትንሽ ይላላል፣ ጉልበት እንዲታጠፍ።

ወሎ ለቆዳ ባዳ አይደለም፤ በዓለም የቆዳ ገበያ «ባቲ» የሚባለው የፍየል ቆዳ ስሙን ያገኘው ከወሎዋ ባቲ ነው። ቆዳ ሲርስ እንደሚለሰልስ፣ ሲደርቅም ያገኘውን ቅርጽ እንደሚይዝ የሚያውቅ ሰው የስኬቲንግ ቡትን ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም። የቆዳ ቡት የባለቤቱን እግር ቅርጽ ይማራል። የሌላ ሰው እግር የተማረ ያገለገለ ቡት ለአዲስ ገዢ የማይመከረውም ለዚህ ነው፤ የቀድሞው ሰው ያዘነብልበት የነበረውን አቅጣጫ ይዞ ይመጣል። ከልምምድ በኋላ ብረቱ ተወልውሎ፣ ቡቱ ክሩ ተላልቶና አፉ ተከፍቶ ከእሳትና ከማሞቂያ ርቆ መድረቅ አለበት።

ያረጀ ቡት ራሱ ይናገራል። በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ጥልቅ ስንጥቅ የመሰለ እጥፋት ያወጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ክሩ የቱንም ያህል ቢጠብቅ እግሩ ውስጡ ይዋልላል። ሻል ባለው ደረጃ ቡትና ብረት ለየብቻ ስለሚሸጡ፣ ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ አዋቂ ቅድሚያ ለቡቱ መስጠት ይኖርበታል። የደነዘ ብረት ተስሎ እንደገና ይሠራል፤ የላላ ቡት ግን ተመልሶ አይጠነክርም።