የጋራ ግቢና የፈቃድ ቁጥር

ዛሬ ብዙ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ድረ ገጻቸውን የሚያኖሩት ብዙ ደንበኞች በጋራ በሚከራዩት ሰርቨር ላይ ነው። ኪራዩ አነስተኛ በመሆኑ ምርጫቸውን አንነቅፍም። ይሁን እንጂ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ የበር አዘጋግ ሊታሰብበት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስ፥ ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር እንዲሠሩ የሚያስችል ስለ ሆነ፥ ለእያንዳንዱ ፋይል የፈቃድ ምልክት አለው። ሊኑክስም ይህንኑ ወርሷል። ማንበብ 4፥ መጻፍ 2፥ ማስኬድ 1 ነው፤ ለፎልደር ሲሆን 1 መግባት ማለት ነው። ድምሩ በተራ ለባለቤቱ፥ ለቡድኑና ለሌላው ሁሉ ይሰጣል።

ታዲያ ገጹ «403» ብሎ ሲከለክል፥ ችኩል ሰው ለሁሉም 777 ይሰጣል። ይህ ቁልፍ ጠፋ ብሎ በሩን ከነመቃኑ እንደ መንቀል ነው። ለማንም የመጻፍ መንገድ ይከፍታል፤ በአንዳንድ ሰርቨርም ልቅነቱ ራሱ «500» የተባለውን ስሕተት ያመጣል።

ስለዚህ አስቀድመን የፋይሉን ባለቤት እንመርምር። ብዙውን ጊዜ ለፎልደር 755፥ ለፋይል 644 ይበቃል። የይለፍ ቃል የተጻፈበት ፋይል ግን፥ ሰርቨሩ ፕሮግራሙን በባለቤቱ ስም የሚያስኬድ ከሆነ፥ 600 ይሁን። ባለቤትነቱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ቁጥር መለዋወጥ አይረዳም፤ አከራዩ እንዲያርመው መጠየቅ ይሻላል።

በሩን ዘግቶ የሚያድር ሰው ጎረቤቱን በሌብነት አያማም።